በደንቡ ነበር የዘጋሽው

አምቦ፣ የካቲት 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ጂቱ እህቴ፣

አካም ጅርታ? እንዴት ከርመሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው እሑድ ድምፅሽ ጎርነን ብሎ ነበርና እማዬ ሳምንቱን ሙሉ «ዳነች ይሆን?» እያለች እኔን ትጠይቀኛለች፤ እኔ የማውቅ ይመስል። እሷ ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ድንጋይ እየተነጠፈ ስለሆነ ሰፈሩ አቧራ ብቻ ሆኗል። ጊደሯ ወልዳለች። ወንድ ነው። እማዬ ሴት ስትጠብቅ ስለነበር ስም ሳታወጣለት ሦስት ሳምንት ሆነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ለንሳ ናት። ለእረፍት መጥታ ነበር፣ ሰኞ ወደዚያው ወደ ዓረብ አገር ትመለሳለች። ከእማዬ የተላከ በሶና ሚጥሚጣም ይዛልሻለች። ፖስታውን ግን ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው። ሰው ሞቶ አይደለም፤ አትደንግጪ። የምጽፍልሽ ስለ ራሴ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ያልሞከርኩ እንዳይመስልሽ። ሦስት እሑድ ሞክሬያለሁ። ስልኩን ስቀበል «ተሬ፣ አንተስ ደህና ነህ?» ትዪኛለሽ፤ ስለ አየሩ አውርቼ ለእማዬ እመልስላታለሁ።

ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ለእማዬ ያወራሽላትን ታስታውሻለሽ? «ማዳም አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታለች፤ እሷ ስትወጣ ግን እኔ በእጄ ነው የማጥበው» አልሻት። እማዬ ሳቀችና «ለምን ልጄ?» አለችሽ። «ነክቼ ባበላሸውስ? እኔና ማሽን አንስማማም። የክሊኒኩን ረሳሽው? ያኔ ተሬ ባይደርስልኝ ኖሮ ታስሬ ነበር» አልሽ። እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። አጠገቧ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነበር። ያሰርኩትን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ ቀና ብዬ እማዬን ማየት አልቻልኩም።

ጂቱ፣ የክሊኒኩን ኮምፒውተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ይህንንም ያወቅኩት አሁን አይደለም። በተበላሸ በሦስተኛው ቀን፣ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ሳለሽ አውቄዋለሁ። እጅሽ ማሽን አያበላሽም። አበላሽቶም አያውቅም።

እማዬ «አሳጥረህ እንዳትጽፍ» ብላኛለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ የምጠግነው፣ አንቺ የታካሚዎችን መረጃ የምታስገቢበት ያ ማሽን ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት፣ ዲስኩም የተመሰጠረ፣ ያለ ፓስወርድ የማይከፈት መሆኑን ታውቂያለሽ። ያንን ረጅም ፓስወርድ በየጠዋቱ ስትጽፊ የኖርሽው አንቺ ነሽ። መድኃኒት የሚከታተሉት ሰዎች ስም ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ብሎ ክሊኒኩን የሚረዳው ፕሮጀክት ያዘዘው ነበር። ያላስረዳሁሽ ነገር ግን አለ። ዲስኩ ላይ ሳይቆለፍ የተተወች አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ነው፤ ፓስወርድ አምጪ ብሎ የሚጠይቅሽ ፋይልም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ያ ፋይል ከጎደለ ማሽኑ የተቆለፈውን ትልቁን ክፍል እንዴት እንደሚከፍት አያውቅም። ፓስወርዱን ብታውቂውም የምትጽፊበት ቦታ አይሰጥሽም። አዲስ አበባ ያሠለጠኑን ሰዎች ይህችን ክፍል ሰፋ አድርጋችሁ ክፈሉ ብለውን ነበር። እኔ ደብተሬን ሳልገልጥ በግምት ሠራኋት፣ ጠበበች። ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር፣ በየአፕዴቱ፣ አሮጌ ፋይል እየተጠራቀመባት ሞላች።

ሰኔ 14 ቀን 2003፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አፕዴት ላደርግ መጣሁ። አንቺ ካርድ ክፍል ነበርሽ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቦታ የለም የሚል ጽሑፍ አመጣ። ውጭ ጓደኞቼ መኪና ይዘው ጥሩምባ ይነፋሉ። ጉደር ሄደን ሥጋ ልንበላ ነበር የተቀጣጠርነው። ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ከዚያች ትንሽ ክፍል አሮጌ የመሰሉኝን ፋይሎች በእጄ ሰረዝኩ። ስማቸውን እንኳ በደንብ አላነበብኩም። አፕዴቱን እንደገና አስጀመርኩት፤ እንደገና ቦታ የለም አለኝ። ጥሩምባው ሲደጋገም እሺ የሚለውን ተጭኜ ዘጋሁትና ተነሳሁ። ማሽኑ በርቶ ሳለ ምንም የሆነ አይመስልም። ጉዳቱ የሚታየው ጠፍቶ ሲነሳ ነው። በር ላይ አግኝተሽኝ «ተሬ፣ ጨረስክ?» ስትዪኝ «ጨርሻለሁ፣ ሥሪበት» አልኩሽ።

ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ፣ ያ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ሲጮህ ሥራሽን አስቀምጠሽ፣ እንዳስተማርኩሽ አድርገሽ አጠፋሽው። መብራት ሲመጣ ብታበሪው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ፓስወርድም አልጠየቀሽ። ስትደውዪልኝ ጉደር ነበርኩ። መጀመሪያ ያልኩሽ ቃል እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ «ምን ነካካሽ?» ነው ያልኩሽ።

ስመጣ የክሊኒኩ ኃላፊ ኦቦ ዘርትሁን ከአንቺ ጎን ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቧል። «የማብሪያ ቁልፉን ተጭነሽ ይዘሽ ነው ያጠፋሽው?» ብዬ ጠየቅኩሽ። «አይመስለኝም… ደንግጬ ነበር፣ አላስታውስም» አልሽ። ያኔ ወደ ኦቦ ዘርትሁን ዞሬ «በጉልበት ከጠፋ እንዲህ ያደርጋል» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ «ከጠፋ» ነው እንጂ «ጠፍቷል» አላልኩም እያልኩ። እሳቸው ግን የሰሙት «ጠፍቷል» ብዬ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። አላረምኳቸውም። ያን ቀን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ጠርጥሬ ግን ነበር። የጠዋቱ ጽሑፍ ከዓይኔ አልጠፋም።

ረቡዕ እኔ ማሽኑን የማስነሳበት ሲዲ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ያለኝ ተጭሮ አልነበብ ብሎኝ ነበር። አንቺ ክሊኒኩ ዋልሽ። የወረቀት ካርዱን ካቆምን ስድስት ወር አልፎን ነበር። ኮፒ መያዝ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ኮፒዬ ግን ከአራት ወር በፊት የተያዘ ነው። ስለዚህ የማን መድኃኒት እንደተቀየረ፣ የማን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ጉዴ የምትባለዋ ሴት ልጇን አዝላ ከደንዲ የመጣችው ያን ቀን ነው። መድኃኒቷ ተቀይሮላት ስለነበር ነርሶቹ በግምት አንሰጥም አሏት። አንቺን «ስሜ ጠፋ ማለት ነው?» አለችሽ አሉ። ባዶ እጇን ስትመለስ እስከ መኪና መቆሚያው ሸኝተሻት፣ ተመልሰሽ ሽንት ቤት ገብተሽ እንዳለቀስሽ በኋላ ሰማሁ። ስሰማ አንቺን ማጽናናት እንኳ አልቻልኩም፤ የማጽናናበት አፍ አልነበረኝም።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑን በሲዲው አስነሳሁት። እንዲህ ሲሆን ያች ትንሽ ክፍል ብትበላሽም ትልቁን ክፍል በእጅ መክፈት ይቻላል፣ ፓስወርዱ ካለ። ጻፍኩ፤ አልተቀበለኝም። ደግሜ ጻፍኩ፤ አልተቀበለኝም። ዲስኩ ራሱ ተጎድቷል፣ አለቀ አልኩ። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ቀስ ብለሽ «ተሬ፣ ከሦስተኛው ቃል በኋላ ክፍተት የለውም እኮ። አንድ ላይ ነው የሚጻፈው» አልሽኝ። ተነሳሁልሽ። ተቀመጥሽና ጻፍሽው። ጣቶችሽ ሳታስቢው ነበር የሚሄዱት። ተከፈተ።

ያን ዲስክ የከፈትሽው አንቺ ነሽ፣ ጂቱ። ይህንን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ወንበሩን መለስሽልኝና ጎኔ ተቀመጥሽ። ማሽኑ የተደረገበትን ሁሉ በቀንና በሰዓት የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ከፈትኩት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ከኔ ስም ጋር፣ የሰረዝኳቸው ፋይሎች አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ከሰረዝኳቸው አንዱ ማሽኑ የሚነሳበት ነበር። አዲሱ ደግሞ ቦታ አጥቶ በግማሽ ቀርቷል። ወረድ ብሎ የአንቺ አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሥራው ሁሉ ተቀምጦ፣ ሁሉም ነገር በተራው ቆሞ፣ ማሽኑ በደንቡ ተዘግቷል። በጉልበት አልጠፋም። እንዳስተማርኩሽ ነበር ያደረግሽው፤ አንዲት ነገር አላጓደልሽም። ጽሑፉን ፈጥኜ ስላሳለፍኩት አላነበብሽውም።

«አገኘኸው?» አልሽኝ። ቀጥለሽም «እኔ ነኝ አይደል?» አልሽ።

እኔም «አይዞሽ፣ በማንም ይደርሳል» አልኩሽ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አልሽኝ።

አርብ መጀመሪያ ዳታውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ትንሿን ክፍል አጸዳኋት፣ የጎደለውን ፋይል እንደገና ሠራሁት፣ ሲዲውን አውጥቼ አስነሳሁት። ፓስወርድ ጠየቀ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ አጨበጨቡ። ኦቦ ዘርትሁን ትከሻዬን ይዘው «ጎፍታ፣ ጌታዬ» አሉኝ። አንቺ ጥግ ይዘሽ ቆመሽ እያጨበጨብሽ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ? «ጂቱን አትቆጧት፣ ሆን ብላ አይደለም፣ ይቅር በሏት» ነው ያልኩት። በሰው ፊት ለራሴ ጥፋት ለአንቺ ይቅርታ አስደረግኩልሽ። ሰዎቹም እንዴት ያለ ወንድም ነው አሉ።

ቅዳሜ ዕለት አንቺ በጭነት መኪና ጊንጪ ድረስ ሄደሽ፣ ከዚያ በእግርሽ ደንዲ ወርደሽ ጉዴን ፈልገሽ አገኘሻት። ሰኞ መጣች፣ መድኃኒቷን ወሰደች። ዛሬም ደህና ናት፤ አሁንም ትመጣለች። ያን ሰኞ ለእኔ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ለአንቺ የሰጠሽ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ ነሽ የኖርሽው። ሐምሌ ላይ ኮንትራትሽን ሳያድሱ ቀሩ። ጊንጪ ባለው ጤና ጣቢያ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሽ እንደሚቀጥሩሽ ነግረውሽ ሲያበቁ ድንገት ዝም አሉ። ወደ ክሊኒኩ ደውለው ስለ አንቺ እንደጠየቁ እኔ ሰምቼ ነበር፤ ለአንቺ አልነገርኩሽም። መስከረም ላይ ፓስፖርት አወጣሽ። እኔን ደግሞ ፕሮጀክቱ በዚያች ወረቀት ምክንያት አሳደገኝ፤ ጌዶና ባኮ እየዞርኩ የክሊኒክ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ባኮ ላይ የተመሰጠረ ዲስክ አልነሳ ሲል ምን እንደሚደረግ ሳስተምር እንደ ምሳሌ የማነሳው የኛን ማሽን ነው። «አንዲት ሠራተኛ በጉልበት አጥፍታው ነበር» እያልኩ እጀምራለሁ። አራት ጊዜ እንዲህ ብያለሁ፣ ጂቱ። ስምሽን አልጠራሁም። አለመጥራቴን እንደ ደግነት ቆጥሬዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ራሴን ስጠይቅ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው እላለሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሲያጨበጭቡልኝ ደስ ስላለኝ ነው። ደስ ካለኝ በኋላ ደግሞ መመለስ አቃተኝ።

ባለፈው ሐሙስ ክሊኒኩ ሄጄ ለኦቦ ዘርትሁን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «ዱጋ ኬቲ?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው፣ ኦቦ።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አጨበጨባችሁልኝ። ከዚያ በኋላ አቃተኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ከጊንጪ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማሽን ብቻ አትስጧት አልኳቸው። ሰውዬው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ለጨዋታ ያልኩት ነበር።» ከዚያ ወረቀት አውጥተው በእጃቸው ጻፉ፣ ጸሐፊዋ ተየበችው፣ ማህተም አደረጉበት። ዋናው እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ሥራሽን በደንቡ ስትሠሪ እንደነበር፣ ማሽኑ የተበላሸው በባለሙያው ስህተት እንደሆነ፣ ዳታው እንዲመለስ አንቺ እንደረዳሽ ይላል። ኮፒውን ትናንት ጠዋት ራሴ ጊንጪ ወሰድኩት። ቦታው ከተያዘ ዓመት አልፎታል አሉኝ፤ ፋይልሽ ውስጥ ግን አስገቡት። ለፕሮጀክቱ ቢሮም ጽፌያለሁ። እስካሁን አልመለሱልኝም። የሚሉትን እቀበላለሁ።

ለእማዬ የነገርኳት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። በኦሮምኛ ስነግራት በአማርኛ ለኦቦ ዘርትሁን «ስህተት» ያልኩት ሁሉ ሌላ ስም አወጣ፤ ቤት ውስጥ የምናወራበት ቋንቋ ስለሆነ ነው መሰለኝ መደበቂያ የለውም። ወጥታ የተጠረገውን ግቢ እንደገና ጠረገች። ስትመለስ «ለእሷ ጻፍ። ለኔ የነገርከኝን ሁሉ ጻፍ። አሳጥረህ እንዳትጽፍ» አለች። እራቴን ሰጥታኝ እሷ ሌላ ክፍል በላች።

ይቅር በዪኝ የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንቺ ሳታጠፊ ይቅርታ ሲደረግልሽ ምን ተሰማሽ ብዬ ሳስብ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ስለዚህ አልጠይቅሽም። ነገ እንደ ልማድሽ ትደውያለሽ፤ ደብዳቤው ገና ስላልደረሰሽ እኔ ስልኩ አጠገብ አልቀርብም። ለንሳ ፖስታውን ከሰጠችሽ በኋላ ስትደውዪ ግን እቤት እሆናለሁ። ተሬን አቅርቡልኝ ካልሽ እቀርባለሁ። ካላልሽም ከእማዬ ጋር አውሪ፤ እኔ ቅር አይለኝም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ለእማዬ አነበብኩላት፣ በኦሮምኛ እየመለስኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችና «አንድ ነገር ትተሃል» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «የሸኘሃትን» አለች። የተውኩት ረስቼው አይደለም። እሷም አውቃለች።

ቦሌ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ሆለታን ስናልፍ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ «ተሬ፣ በክሊኒኩ ነገር በሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ፤ ሳልሄድ ይቅር በለኝ» አልሽኝ። መንገር የምችልበት ጊዜ ነበር። ገና ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ይቀረን ነበር፤ ተመልሰን መምጣትም እንችል ነበር። እኔ «ተይው፣ አልፏል» አልኩሽ። አንቺ እጄን ይዘሽ እስከ አዲስ አበባ ተኛሽ።

እማዬ «አሁን ሙሉ ሆነ» ብላለች። ዋቃ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ በደህና ለቤትሽ ያብቃሽ ትልሻለች። ይህ ምርቃት ከእሷ ብቻ ነው።

ተሬፋ